የአሮጌ ላንድሮቨር ዲፈረንሻል ለምን ያንጠባጥባል?

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ብዙ በሚነገርበት መድረክ ላይ ከአንድ አሮጌ መኪና ሆድ ስለሚንጠባጠብ ዘይት መናገር የጉባኤውን ክብር የሚመጥን መስሎ ላይታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህች ጠብታ በሙያው ሰዎች ዘንድ ከተለመደው ይበልጥ ልትመረመር የሚገባት ናት። ከኋላ አክስል የሚያመልጥ ዘይት ወደ ጎማው በኩል መንገድ ባገኘ ጊዜ የሚያርፈው በፍሬን ሸራ ላይ ነው፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ደግሞ ጉዳቱን የሚያውቀው ለማረም ጊዜ በሌለበት ሰዓት ነው። በዘይት እጦት የተበላ ጥርስም ቀላል ኪሣራ አይደለም። መኪናው ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ያለፈው ከሆነ መለዋወጫውን ፍለጋ ብቻ ወራት ይፈጃል።

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት በአንድ መኪና ላይ ማየት ይሻላል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ላንድሮቨር ይስማማል። የመጀመሪያው ትውልድ በ1958 በሁለተኛው፣ ሁለተኛውም በ1971 በሦስተኛው ተተክቶ እስከ 1985 ድረስ ሲሠራ ኖሯል። ቀድሞ በገጠር ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች መንገድ ባልነበረበት አገር በዚህ መኪና ምን ያህል እንደ ተጓዙ የሚያስታውሱት ነው። ዛሬ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩትም ከነባለቤቶቻቸው ዘይት ማንጠባጠብን እንደ ተፈጥሮ ጠባይ ተቀብለው የሚኖሩ ይመስላሉ። «ላንድሮቨር ካላንጠባጠበ ዘይት የለውም ማለት ነው» የሚለው የጋራዥ ቀልድ ሲሰማ ያስቃል፤ ከመሐንዲስ አፍ ሲወጣ ግን ሊያስቅ አይገባም።

ዲፈረንሻል ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኦኔሲፎር ፔክዌር በእንፋሎት ለሚሄድ ሠረገላ ብሎ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1827 ሲሆን፣ በመታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ እንዲሄድ የሚፈቅደው አሠራር ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ለዛሬው ነገር የሚያስፈልገው የፊተኛው ጫፉ ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል የሚያመጣው ረጅም ዘንግ የሚታሰረው በፍላንጅ ላይ ነው፤ ፍላንጁ በፒኞኑ ጭራ ላይ በጥርስ ገብቶ በዳዶ ይጠብቃል። ኮሮናው አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪፈጽም ፒኞኑ 4.7 ጊዜ ስለሚዞር፣ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍላንጁ በደቂቃ ወደ 2,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ይህ ሁሉ ሽክርክሪት የሚለሰልሰው ከ2 ሊትር ባነሰ ዘይት ነው። ዘይቱ በውስጥ፣ አቧራው በውጭ እንዲቀር የሚያደርገው በፍላንጁ አንገት ዙሪያ የተቀመጠ ከጣት ስፋት የማይበልጥ ቀለበት ነው፤ ይኸውም በየጋራዡ ፓራኦሊዮ የሚባለው ነው።

የጋራዥ ቋንቋ ከጣልያን እንደ መጣ የሚታወቅ ነው፤ ፓራኦሊዮም በቃሉ ዘይት ከልካይ ማለት ነው። ስሙ ግን ፍርድ ያሳስታል። ከልካይ ከተባለ ዘይት ባመለጠ ቁጥር ጥፋተኛው እርሱ ይሆናልና። ከዚህም የተነሣ በባለ መኪናና በመካኒክ መካከል በየጊዜው የሚሰማው ንግግር ይህን የመሰለ ነው።

«ጋሼ፣ ይኸው እንደገና ጀመረ። ባለፈው ወር አይደለም እንዴ የለወጡልኝ?»

«ለውጬ ነበር ልጄ። የዛሬ ፓራኦሊዮ እኮ እንደ ድሮው አይደለም። ሌላ ይዘህ ና፣ እንለውጠዋለን።»

መካኒኩ አላታለለም። በገበያ ላይ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ እውነት ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ብዙ ዘመን የተቀመጠ ጎማ ሳይሠራ ይደርቃል። ነገር ግን ሦስት ጊዜ ተለውጦ ሦስት ጊዜ ያፈሰሰ ፓራኦሊዮ ምስክር እንጂ ተከሳሽ ሊሆን አይገባውም።

ቀለበቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነገሩን ያቀልላል። እንዲህ ያለው የዘንግ ማሸጊያ በመጀመሪያ ከቆዳ ይሠራ ነበር፤ በጀርመን አገር የፍሮይደንበርግ ድርጅት ሲመሪንግ በሚል ስም ያወጣውም ከንፈሩ ቆዳ ነበር። ቆይቶ ሰው ሠራሽ ጎማ ቦታውን ወሰደ። በዙሪያው ያለችው ቀጭን ሞላ ከንፈሩን በዘንጉ ላይ በቀስታ ትጫነዋለች። በዚህ ከንፈርና በብረቱ መካከል ግን ፍጹም ንክኪ የለም። ዘንጉ ሲዞር አንድ ማይክሮን ገደማ የሚሆን የዘይት ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ከንፈሩም የሚኖረው በዚህ ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው። ሽፋኑ ባይኖር ጎማው በጥቂት ሰዓት ተቃጥሎ ያልቅ ነበር። ዘይቱ በዚህ ክፍተት ሾልኮ የማይወጣው ከንፈሩ በአንድ ወገን ቀና፣ በሌላው ወገን ዘመም ያለ ሆኖ ስለ ተቀረጸና በላዩ ያለው እጅግ ጥቃቅን ሻካራነት ዘይቱን ወደ መጣበት ስለሚመልሰው ነው። ስለዚህ ፓራኦሊዮን እንደ ግድብ ሳይሆን እንደ ትንሽ ፓምፕ ማሰብ ይገባል። ግድብ ከተሰበረ ይጠገናል፤ ፓምፕ ግን ሳይሰበርም ከዐቅሙ በላይ ግፊት ከመጣበት ይሸነፋል። የተለመደው ዓይነት የሚሸከመው ግፊት ቢበዛ ግማሽ ባር ሲሆን፣ ፍጥነት በጨመረ መጠን ይህም ይቀንሳል።

ታዲያ በዲፈረንሻል ውስጥ ግፊት ከወዴት ይመጣል? አክስሉ ፓምፕ የለበትም፤ ዘይቱም በጥርሶቹ ይረጫል እንጂ አይገፋም። መልሱ አየር ነው። ከዘይቱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ አየር የሞላበት ሲሆን ይህ አየር በሞቀ ጊዜ እንዲወጣ፣ በቀዘቀዘ ጊዜ እንዲገባ በአክስሉ ቆዳ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል መተንፈሻ ተሰክታለች። በላንድሮቨሩ ላይ ያለችው በውስጧ ትንሽ ኳስ ያለባት ስትሆን ጭቃና አቧራ የሚያርፍባት ቦታ ላይ ናት። ብዙ ጊዜ መኖሯን የሚያስታውስ የለም። ቀለም በላይዋ የተቀባባትም ሆነ በብሎን የተተካች ልትገኝ ትችላለች።

መተንፈሻዋ ስትደፈን ምን እንደሚሆን በአገር ውስጥ ካለው መንገድ ሁሉ አባይ በረሃን የመሰለ አስተማሪ የለም። ከጎሃ ጽዮን አናት ወደ 2,500 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ የሚነሣው መንገድ ከ1,000 ሜትር ብዙ ወደማይበልጠው ድልድይ ወርዶ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። በላይኛው ጫፍ ያለው የከባቢ አየር ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን ከድልድዩ ዘንድ 89 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። አሁን አንድ መኪና ሸለቆው ሥር ሲያድር፣ አክስሉ በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ ውስጡም ከውጭው ጋር በተመጣጠነ ግፊት አደረ እንበል። ጧት ጭነቱን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ዘይቱ ይሞቃል፤ 90 ዲግሪ ቢደርስ በተዘጋ ቦታ ያለው አየር ግፊት በፍጹማዊው የሙቀት መጠን ልክ አድጎ ወደ 107 ኪሎ ፓስካል ይወጣል። ውጭው በዚያው ሰዓት ወደ 75 ወርዷል። የሁለቱ ልዩነት ከ30 ኪሎ ፓስካል በላይ፣ ማለትም የባር ሢሶ ያህል ነው። ገና በፋብሪካ ማሸጊያው ያለ አዲስ ፓራኦሊዮ እንኳ ይህን ግፊት በፍጥነት እየዞረ ለብዙ ሰዓት ሊሸከም አይችልም፤ ያረጀውማ ደጀን ሳይደርስ ይለቃል።

መልሱ ጉዞ ደግሞ የባሰ ነው። ከላይ የሞቀ አክስል ይዞ ወርዶ ሸለቆው ሥር ሲቀዘቅዝ፣ ወይም ከዳገት ኋላ በድንገት ወደ ጅረት ሲገባ፣ ውስጡ ያለው አየር ይሸበሸባል። የውጭው ግፊት በተራው ይበልጣል፤ ከንፈሩ ወደ ውጭ የሚወጣ ዘይት እንዲመልስ ተቀረጸ እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባ ውሃ እንዲከለክል አልተሠራምና ጭቃ የቀላቀለ ውሃ ይስባል። በዲፈረንሻል ዘይት ውስጥ የወተት ቡና መልክ የተገኘ እንደሆነ ታሪኩ ይህ ነው። ያን ዘይት ሳይለውጡ ፓራኦሊዮውን መለወጥ በሽተኛን ልብስ እንደ መቀየር ያለ ነው።

ስለሆነም ሥራው የሚጀመረው ከመፍቻ ሳይሆን ከመጥረጊያ ጨርቅ ነው። የአክስሉ ሆድና ፊት በላምባ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያም የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል። መኪናው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ሲመለስ ጠመኔው የት እንደ ረጠበ ይታያል። በፍላንጁ ዙሪያ የረጠበ እንደሆነ ነገሩ የፒኞኑ ነው። ዲፈረንሻሉ ከአክስሉ ቆዳ ጋር በ10 ዳዶ በሚጋጠምበት ክብ መሥመር ላይ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ነው። ከላይ ወርዶ ከመጣ ደግሞ የዲፈረንሻሉ ዘይት ላይሆን ይችላል፤ ከካምቢዮ የወጣውን ነፋስ ወደ ኋላ ይዞት ይመጣልና። በጎማው በኩል እርጥበት ሲታይ አፍንጫና ውሃ ይረዳሉ። የዲፈረንሻል ዘይት የድኝ ሽታ አለው፣ ውሃም አይቀበልም፤ የተለመደው የፍሬን ዘይት ግን በውሃ ይታጠባል።

ቀጥሎ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ የመጠን መለኪያው ብሎን ይፈታል። ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ፣ ወይም መኪናው በተዳፋት ላይ ቆሞ የተሞላ አክስል ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ይዟል፤ ትርፉም መኪናው ወደ ጎን አዘንብሎ ባደረ ቁጥር በአክስሉ ቱቦ ወደ ዝቅተኛው ጎማ ይሄዳል። መተንፈሻዋም ወጥታ በላምባ ትታጠባለች፤ ተናውጣም ኳሷ ካልተሰማች ትለወጣለች። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሽዋ ይህች ሳትሆን አትቀርም፤ እርሷን ሳያዩ ሦስት ፓራኦሊዮ የገዙ ግን ብዙ ናቸው።

ፍላንጁን በእጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅም ከመፍታት በፊት የሚሠራ ነው። ልል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ዘንጉ ማዕከሉን እየለቀቀ ሲጨፍር ከንፈሩ ሊከተለው አይችልም፤ ኩሽኔታው ሳይታይ የሚገባው ፓራኦሊዮ ዕድሜው የሳምንታት ነው።

እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ፓራኦሊዮው ይለወጥ ከተባለ፣ ከመኪናው ሥር ከመግባት በፊት አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የዚህ ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን እንደ ሌሎቹ መኪናዎች የኋላ ጎማዎችን አይዝም፤ የሚይዘው ከካምቢዮው ኋላ ያለውን የረጅሙን ዘንግ መነሻ ነው። ዘንጉ ከፍላንጁ በተፈታ ቅጽበት የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎቹን ይለቃል። ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ወይም በግንድ ካልታገዱ መኪናው በሠራተኛው ላይ ይሄዳል። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ካባሌቶ ያስፈልጋል።

ዘንጉና ፍላንጁ እርስ በርስ የነበሩበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ኮፒሊያው ወጥቶ ዳዶው የሚፈታው ፍላንጁ ቀዳዳዎች ላይ በታሰረ ረጅም ብረት እየተያዘ ነው። በመዶሻ እየመቱ ማውጣት የተለመደ ቢሆንም ምቱ የሚያርፈው በኩሽኔታው መንገድ ላይ በመሆኑ ከርሞ የሚሰማ ጩኸት ይወልዳል። እንግዲህ ፍላንጁ በእጅ ሲገባ አንገቱ በብርሃን መታየት አለበት፤ የነገሩ ቁልፍ ብዙ ጊዜ እዚህ ነውና። ከንፈሩ ለዓመታት የተጓዘበት ቦታ አቧራ እንደ መሞረጃ ሆኖ ብረቱን ሲሞርደው ኖሮ ጎድጓዳ መሥመር ይተዋል። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዘው ከሆነ አዲሱ ከንፈር በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ወድቆ ኃይሉን ያጣል።

በዚህ ጊዜ ፍላንጁን ወደ ቶርኖ ቤት መላክ ይቀናል። ጎድጓዳው እስኪጠፋ ድረስ ተልጦ ሲመለስ ያብረቀርቃል፤ ዓይንንም ያታልላል። ነገር ግን አንገቱ ቀጥኗል፤ ፓራኦሊዮውም ለቀድሞው ውፍረት የተሠራ ስለሆነ አይጨብጠውም። ከዚያም በላይ የቶርኖ ምላጭ ሲሄድ የሚተወው ዱካ እንደ ብሎን ጥርስ ጥምዝ ነው። ጥምዙ እጅግ ደቃቅ ቢሆንም ዘንጉ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ዘይቱን ወደ ውጭ የሚነዳ መሽከርከሪያ ይሆናል፤ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ሲመልስ ብረቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ይህን ቦታ ወደ ጎን በማይሄድ ድንጋይ የሚያለሰልሱት፤ ሻካራነቱም ከ0.2 እስከ 0.8 ማይክሮን እንዲሆን የሚፈልጉት። እጅግ የለሰለሰም አይፈለግም፣ የዘይት ስስ ሽፋን የሚይዝበት ያጣልና። በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ ካስፈለገ ደቃቁን መርጦ ዙሪያውን ብቻ ማሸት ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማሸት ጥምዙን በእጅ መሥራት ነው።

ከመላጥ የሚሻል መንገድ አለ። አዲስ ፍላንጅ ከተገኘ መልካም። ካልተገኘ ውፍረቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሢሶ የማይሞላ የማይዝግ ብረት እጅጌ በአንገቱ ላይ ይገባል፤ ከንፈሩም ያለ ሌላ ለውጥ በእርሷ ላይ ይሄዳል። እርሷም ከሌለች፣ ቦታው ከፈቀደ፣ ፓራኦሊዮውን ከቀድሞው ማረፊያ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወጣ ወይም ገባ አድርጎ መሰካት ከንፈሩን ባልተነካ ብረት ላይ ያሳርፈዋል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ብልሃት ነው፤ አረጋውያን መካኒኮች ያውቁታል፣ በመጽሐፍ ግን ብዙም አይገኝም።

አዲሱ ፓራኦሊዮ ሞላው ወደ ዘይቱ ወገን ሆኖ፣ ከንፈሩ ዘይት ተቀብቶ፣ ዙሪያውን እኩል በሚጫን ቧንቧ ይገባል። በካቻቢቴ ጫፍ ዙሪያውን እየመቱ ማስገባት ቀለበቱን ያጣምመዋል። የማቀፊያው ጓርኒሲዮን አዲስ ይሁን፤ ማስቲሽ የሚቀባ ቢሆን በስሱ ነው፣ ተርፎ ወደ ውስጥ የወደቀው ዘይቱን ይዞ ይዞራልና። ፍላንጁ በሚገባበት የፒኞን ጥርስ ላይና በዳዶው ሮንዴላ ሥር ግን ጥቂት ማስቲሽ ግድ ነው። ዘይት በጥርሶቹ መካከል ሾልኮ በዳዶው በኩል ሲወጣ ከፓራኦሊዮ የወጣ ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋታቸው የተጣሉ ፓራኦሊዮዎች ጥቂት አይደሉም።

ዳዶውን ማጥበቅ በላንድሮቨሩ ላይ የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። ኩሽኔታዎቹ የሚጨመቁበትን ልክ የሚወስኑት ስፔሶር የሚባሉት ስስ ቀለበቶች ስለሆኑ፣ እነርሱ ሳይነኩ ዳዶው በፋብሪካው መጽሐፍ ልክ ከጠበቀ የቀድሞው ልክ ይመለሳል። በቦታቸው የሚጨማደድ ቱቦ ባለባቸው ሌሎች መኪናዎች ላይ ግን በጉልበት ማጥበቅ ኩሽኔታውን አንቆ ይገድላል፤ ከመፍታት በፊት ፍላንጁን ለማዞር የሚጠይቀው ኃይል ተለክቶ መመዝገብ አለበት። የአንዱን መኪና ልማድ ወደ ሌላው መውሰድ የሚጎዳው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

በጎማው በኩል ያለው መፍሰስ አሠራሩ ተመሳሳይ ስለሆነ መድገም አያስፈልግም፤ የሚጨመረው ስለ ፍሬን ሸራው ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ሲደርቅ ንጹሕ ይመስላል፤ ታምቡሩ ሲሞቅ ግን ከውስጥ የቀረው ዘይት ተመልሶ ይወጣል። በእሳት ማቃጠሉም ሸራውን ያሰባብራል እንጂ አያድነውም። መለወጥ ነው፤ የሚለወጠውም የሁለቱ ጎማዎች በአንድነት ነው። በአንድ ወገን አሮጌ፣ በሌላው አዲስ ሸራ ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ በገደል ጥግ መንገድ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም።

መፍሰሱን ለማቆም ወፍራም ዘይት መሙላት በብዙ ቦታ ይሠራበታል። በቁጥር 90 ፈንታ 140 ሲገባ ጠብታው ለጊዜው ይዘገያል፤ ይሁን እንጂ ወፍራሙ ዘይት በብርድ ጧት ወደ ፒኞኑ የፊት ኩሽኔታ ፈጥኖ አይደርስም፣ በጉዞም ይበልጥ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከላይ የተነገረውን ግፊት ያሳድጋል። የመጋዝ ዱቄት መጨመር የሚባለውማ መኪና ለመሸጥ እንጂ ለመንዳት የሚደረግ አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ አዲስ ዘይት ተሞልቶ ጠመኔው እንደገና ይነሰነሳል። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሌላ ጊዜ ይታያል፤ ቀኑ፣ የኪሎ ሜትር ቁጥሩና የተጨመረው ዘይት መጠን በመኪናው ደብተር ላይ ይጻፋል። በመጀመሪያው ቀን ከንፈሩ ቦታውን እስኪይዝ ቀጭን እርጥበት ቢታይ አያስደነግጥም። ከአባይ በረሃ መልስ ግን መተንፈሻዋ ተፈትታ ትናወጣለች፤ ኳሷ ከተሰማች ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።